ለጥምቀት ቀሚስ ያልተስማማ ክር እንዴት ይስማማል?

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ስለ ልብስ የተነገረ ይምሰል እንጂ የሚያወሳው የበዓሉን ክብር ነው። ዓመቱን ሙሉ በሣጥን ታጥፎ የከረመው ነጭ ልብስ የሚወጣው፣ የሌለውም አስቀድሞ የሚያሠራው፣ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከመንበራቸው ተነሥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ በክብር ለማጀብ ነው። ይህ ልማድ በወልድያ ከተማም ሆነ ከእርሷ በስተደቡብ በምትገኘው በመርሳና በመላው ሀብሩ ወረዳ ከእናት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። በዓሉ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር፣ ዓለም የተመለከተው ዝማሬውንና ሽብሸባውን ብቻ ሳይሆን በነጭ ልብስ የደመቀውንም ምእመን ነው።

በሰሜን ወሎ የጥልፍ ቀሚስ ወቅቱ ጥምቀት ብቻ አይደለም። ፍልሰታ ሲፈታ በላሊበላ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል እየተባለ በሚከበረው የልጃገረዶች ጨዋታ ጊዜም ቀሚሱ ዳግመኛ ከሣጥን ይወጣል። ስለዚህ አንድ የጥልፍ ቀሚስ ለአንድ ቀን የሚለበስ ጌጥ ሳይሆን፣ ለዓመታት የሚያገለግልና ከእናት ለልጅ የሚወርስ የቤት ሀብት ነው ለማለት ይቻላል።

የበዓሉን ሥርዐትና ምሥጢር የሚያስተምሩት የቤተ ክርስቲያን አባቶች ናቸው። እኛ በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው አነስ ያለ፣ ነገር ግን በየዓመቱ በብዙ ቤት የሚያጋጥም ጉዳይ ነው። ይኸውም በጥልፍ ሥራ መካከል የክሩ ቀለም አልስማማ ሲል ምን ይደረጋል? የሚለው ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን ለይተን እናስቀምጥ። ሸማኔው በመወርወሪያው ከሸማው ጋር አብሮ የሚሠራው ባለቀለም ጠርዝ ጥለት ወይም ጥበብ ይባላል። ልብሱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚሠራው ደግሞ ጥልፍ ነው። የጥለቱ ቀለም አንድ ጊዜ ከተሸመነ በኋላ በቤት ውስጥ የሚታረምበት መንገድ የለም፤ የጥልፍ ስሕተት ግን በመርፌ እንደተሠራ በመርፌ ሊቃና ይችላል። የምንነጋገረውም ስለዚሁ ነው።

ሁለት ቀይ በአንድ ደረት ላይ

አንድ ምሳሌ እናንሣ። በ2013 ዓ.ም. አንዲት የወልድያ አያት ለልጅ ልጃቸው የጥምቀት ቀሚስ መጥለፍ ጀመሩ እንበል። ከአንገትጌው ወደ ታች የሚወርደውን መስቀል እስከ ወገቡ አደረሱት። ከዚያም ክረምቱ ከባድ ሆነ፤ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ ውስጥ ባለፈችባቸው ወራት ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ መሰደዱ ይታወሳል። የተጀመረው ቀሚስ በጓዝ ተጠቅልሎ ተረፈ፤ የክሩ ቱባ ግን የትም ቀረ። አያትየውም ሥራቸውን ሳይፈጽሙ ዐረፉ።

ዛሬ ልጅየዋ አድጋለች። እናት «የእናቴ እጅ ያረፈበት ነውና ልጨርሰው» ብለው ከገበያ ያንኑ ቀይ ክር ገዙ። ማታ በመብራት ሲያስተያዩት ፍጹም አንድ ነበር። አራት መሥመር ጠልፈው በማግሥቱ ፀሐይ ላይ ሲያወጡት ግን የላይኛው ቀይ ወደ ወይን ጠጅ፣ የታችኛው ወደ ብርቱካን ያደላ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሦስት ነገር ነው። ሁሉንም ተርትሮ እንደ አዲስ መጀመር፣ በጅምር መተው፣ ወይም እንዳለ ጨርሶ በነጠላ መሸፈን። የመጀመሪያው የአያትን እጅ ያጠፋል፤ ሁለተኛው ልጅን ያለ ቀሚስ ያስቀራል፤ ሦስተኛውም ነጠላው ዘወር ባለ ቁጥር ልብ የሚያሳቅቅ ነው። ለመሆኑ ሌላ መንገድ የለምን? አለ። ነገር ግን መርፌ ከመያዝ በፊት የልዩነቱን ምክንያት ማወቅ ይገባል።

አንድ ስም፣ ብዙ ቀለም

ክር ቀለም የሚይዘው በማቅለሚያ ገንዳ ተነክሮ ነው። የውኃው ዓይነት፣ የሙቀቱ መጠን፣ የተዘፈዘፈበት ሰዓትና የጥጡ ጠባይ በየጊዜው ትንሽ ስለሚለያይ፣ ዛሬ ከገንዳ የወጣው ቀይ ከከርሞው ቀይ ጋር ስሙ እንጂ ወዙ አንድ ላይሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት በውጭ አገር የሚመረቱ ብዙ ክሮች በልጣፋቸው ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የተነከሩበትን ዙር የሚያመለክት ቁጥር ይይዛሉ። በ1746 እ.ኤ.አ. በሙሉዝ ከተማ የተመሠረተው የፈረንሳዩ የክር ፋብሪካ ዲ.ኤም.ሲ. ለጥልፍ ክሮቹ ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ቁጥር የሰጠው፣ ገዢው በስም ሳይሆን በቁጥር እንዲገዛ ነው። ልጣፉን ቀድዶ መጣል እንግዲህ የክሩን የልደት ወረቀት እንደ መጣል ይቆጠራል።

ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። ፀሐይ፣ እጥበት፣ ላብና ጢስ ቀለምን ያደክማሉ። አዲሱ ክር ገና ከቱባው የወጣ ሲሆን አሮጌው ብዙ ያየ ነው፤ ሁለቱ ሲወለዱ መንታ ቢሆኑ እንኳ ዛሬ እኩያ አይደሉም።

ሦስተኛው ምክንያት ብርሃን ነው። ሁለት ክሮች በተለያየ ማቅለሚያ ተነክረው በመብራት አንድ፣ በፀሐይ ግን የተለያዩ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ከላይ በምሳሌያችን የተጠቀሱት እናት ያጋጠማቸው ይኸው ነበር። በጥምቀት ዕለት ደግሞ ቀሚሱ የሚታየው በጠራ የጥር ፀሐይ ነው።

የቀለም ችግር የዛሬ ብቻ አይደለም

የቀለም ጉዳይ አባቶቻችንንና እናቶቻችንንም ያስቸገረ ነበር። የቀደሙ ተጓዦች ጽፈው እንዳቆዩት፣ የኢትዮጵያ ሸማኔዎች ለሸማው ጠርዝ የሚሆን ቀይና ሰማያዊ ክር ለማግኘት ከባሕር ማዶ የመጣ ባለቀለም ጨርቅ ገዝተው ይተረትሩት ነበር። ነጩን ከእርሻቸው ጥጥ፣ በእናቶች እንዝርት ያገኙታል፤ ቀለሙን ግን ከሰው ጨርቅ ፈትተው ያወጡታል። አንዱ ጨርቅ ሲያልቅ ቀጣዩ ያንኑ ቀይ ይዞ ይመጣል ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ያለውን ክር መጥኖ፣ የት እንደሚውል አስቦ መሥራት የሙያው ግዴታ ነበር።

ሐሩም ቢሆን ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር። በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንደነበረ የሚነገርለት ቀሚስ ይገኛል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከዚያው ከወሎ አምባ የተወሰደ ሲሆን፣ ሙዚየሙ በ2010 ዓ.ም. የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ለሕዝብ ታይቷል። ልብሱ የጥጥ ሸማ ሆኖ ጥልፉ በባለቀለም ሐር የተሠራ ነው። ውድ የሆነው ክር የዋለው ከሁሉ በፊት ዐይን በሚያርፍበት በአንገትና በደረት፣ እንዲሁም በእጅጌው ጫፍ ላይ ነው። የዛሬዋም የመርሳና የወልድያ ጠላፊ የምትከተለው አቀማመጥ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በዚያው ዘመን በውጭው ዓለም ትልቅ ለውጥ መጥቶ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን በ1856 እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ ወይን ጠጅ ማቅለሚያ ካገኘ በኋላ ፋብሪካዎች ከዕፅዋት ይገኙ የነበሩትን ቀለሞች በኬሚካል መተካት ጀመሩ። ክር ረከሰ፣ የቀለሙም ዓይነት በዛ። ምርጫው ሲበዛ ግን አንዱን ቀይ ከሌላው ቀይ ጋር የማስማማቱ ችግር አብሮ በዛ።

ማስማማት የሚለው ቃል ለምእመናን ጆሮ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን አባቶች እንደሚያስተምሩት፣ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ሊያበሥር በመጣ ጊዜ ለቤተ መቅደስ የሚሆን ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነበር። ሐር ሐር ነው፤ ወርቅም ወርቅ ነው። ሁለቱን ያስማማቸው አንድ መሆናቸው ሳይሆን የፈታይቱ እጅ ነው። ለጥልፍ ሥራም ከዚህ የተሻለ መመሪያ አይገኝም። የማይመሳሰሉትን ክሮች አንድ ለማድረግ መታገል ትርፉ ድካም ነው፤ ተስማምተው እንዲታዩ ማድረግ ግን ይቻላል።

ከመተርተር በፊት ማየት

ችግሩ ሲታወቅ የመጀመሪያው ሥራ ሥራውን አስቀምጦ ማየት ነው። ልብሱን ረፋድ ላይ ጥላ ባለበት፣ የቀን ብርሃን በሚገባበት ደጃፍ ዘርግተው ጥቂት እርምጃ ርቀው ይመልከቱት። ከዚያ ርቀት የማይታይ ልዩነት በክብረ በዓል ላይ ማንም አያየውም፤ መንካት አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ልብሱን ገልብጠው የጥልፉን ጀርባ ይመርምሩ። ጀርባው ፀሐይ ስለማያገኘው የመጀመሪያውን ቀለም ጠብቆ ይቆያል። አዲሱ ክር ከፊቱ ጋር ሳይስማማ ከጀርባው ጋር ከተስማማ፣ ክሩ ትክክለኛው ነው፤ የደከመው አሮጌው ነው ማለት ነው። ከጀርባውም ጋር ካልተስማማ ደግሞ በእርግጥ ሌላ ቀለም ነው።

ሦስተኛ፣ የስፌቱን አቅጣጫ ይዩ። የጥልፍ ክር ወዝ ስላለው ወደ ቀኝ ያዘነበለ ስፌትና ወደ ግራ ያዘነበለ ስፌት ብርሃንን በተለያየ መንገድ ይመልሳሉ። ብዙ ጊዜ «ቀለሙ ተለየ» የሚባለው እጅ አቅጣጫ ለውጦ ሊሆን ይችላል። ልብሱን አዙረው ሲመለከቱ ደማቁ ፈዛዛ፣ ፈዛዛው ደማቅ ከሆነ ጥፋቱ የክሩ ሳይሆን የስፌቱ ነው።

አዲስ ክር ሲገዛም ቱባውን ከጥልፉ ጎን ማስቀመጥ አያስተማምንም፤ ተጠቅልሎ ያለ ክር ጠቆር፣ በነጭ ሸማ ላይ ሲሰፋ ደግሞ ፈዘዝ ይላል። አንድ ክር መዝዞ በጥልፉ ላይ አጋድሞ በቀን ብርሃን ማየት ይሻላል።

የማስማሚያ መንገዶች

የጥልፍ ክር አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው የሚሠራ ነው። የሚሰፋውም ከስድስቱ ሁለቱን ወይም ሦስቱን በመለየት ነው። የማስማማቱም ዋና ዘዴ ከዚህ ላይ ይጀምራል። ከአሮጌው ክር ጥቂት የተረፈ እንደሆነ አንዱን ከአሮጌው፣ አንዱን ከአዲሱ ወስዶ በአንድ መርፌ ማስገባት ይቻላል። በድንበሩ ላይ ጥቂት መሥመር በዚህ ቅልቅል ከተሠራ በኋላ ወደ ንጹሑ አዲስ ክር ይታለፋል። ዐይን ከአንዱ ቀይ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው እንደ ደረጃ እንጂ እንደ ገደል አይሆንም።

አሮጌው ክር ፈጽሞ ከጠፋስ? በዚህ ጊዜ ድንበሩ ላይ ካሉት ሁለትና ሦስት የአሮጌ መሥመሮች እያለፉ፣ ሦስት ስፌት ትቶ አንዱን ብቻ መተርተርና በቦታው አዲሱን መስፋት ነው። የተተረተረውም አይጣል፤ በውኃ ረጠብ አድርጎ ካቃኑት በኋላ በአዲሱ መሥመር ውስጥ ለጥቂት ስፌት ያገለግላል። እንዲህ ሲሆን አሮጌው በአዲሱ፣ አዲሱም በአሮጌው ውስጥ ይገባሉ፤ ድንበራቸውም ይጠፋል። በምሳሌያችን ያሉት እናት ሊከተሉት የሚገባው መንገድ ይህ ነው። ከአያትየው ሥራ የሚነካው ጥቂት ስፌት ብቻ ሲሆን እርሱም ከቀሚሱ አይወጣም።

ልዩነቱ በቅልቅል የማይሸፈን ሲሆን ቦታ መለወጥ ይጠቅማል። ዐይን ሁለት ቀለሞችን አጥብቆ የሚያነጻጽረው ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው። መስቀሉ በአሮጌው እንዲያልቅ አሳጥሮ መዝጋት፣ አዲሱን ክር ደግሞ በሁለቱም እጅጌዎችና በታችኛው ዘርፍ ላይ ማዋል ይቻላል። በሁለቱም ወገን እኩል ከዋለ የተለየው ቀለም ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስላል፤ በአንዱ እጅጌ ብቻ ከዋለ ግን ጉድለት መሆኑ ይታወቃል። ሁለቱ ቀዮች መገናኘታቸው ግድ ሲሆንም በመካከላቸው የጥቁር፣ የአረንጓዴ ወይም የወርቃማ ክር መሥመር ማሳለፍ ነው፤ እንደ አጥር ሆኖ እንዳይነጻጸሩ ያደርጋል።

አዲሱ ክር ከመጠን በላይ ደምቆ ያስቸገረ እንደሆነ፣ ከመስፋት በፊት ቱባውን ደጋግሞ አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ ጥቂት ያበርደዋል። ይህም በአንድ ጊዜ ለሚያስፈልገው ክር ሁሉ ይደረግ፤ በከፊል ከተደረገ ሦስተኛ ቀይ ይወለዳል። በእስክሪብቶ ወይም በቀለም መቀባት ግን ፈጽሞ አይገባም። በመጀመሪያው እጥበት ወርዶ ነጩን ሸማ ያበላሻልና።

ነጩን መጠበቅ

ከቀለም አለመስማማት የሚብሰው ቀለም መልቀቅ ነው። በተለይ ቀይ ክር ወደ ነጩ ሸማ ከወረደ የወራት ልፋት በአንድ እጥበት ይበላሻል። ስለሆነም ማንኛውም አዲስ ክር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በረጠበ ነጭ ጨርቅ ላይ ተጠቅልሎ ይፈተሽ። ጨርቁን ካቀላው፣ ክሩ ውኃው ጥርት እስኪል በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ይታጠብ፤ ያም ሆኖ ካላቆመ ለነጭ ልብስ አይሆንም።

ቀለሙ አንዴ ከወረደ ደግሞ ልብሱ እንዳይደርቅ፣ በካውያም እንዳይተኮስ መጠንቀቅ ያሻል፤ ሙቀት ቀለሙን ያጸናዋል። ገና እርጥብ ሳለ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ፣ ከዚያም ሳይታጠፍ በጥላ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። በረኪና ግን ጠላት ነው፤ የወረደውን ሲያጸዳ የጥልፉን ቀለም አብሮ ይበላል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ለቤት ልብስ ነው። ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የዋሉ ልብሰ ተክህኖ፣ መጎናጸፊያና ጥላዎች ቀለማቸው ቢደክም ወይም ክራቸው ቢመዘዝ ምእመን በራሱ ፈቃድ የሚጠግናቸው አይደሉም። ካህናቱን አስፈቅዶ፣ እነርሱ በሚሉት ሥርዐት መፈጸም ይገባል።

ለነገው መሰነቅ

ሁልጊዜም ከመድኃኒት መከላከል ይቀላል። ጥልፍ ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልገውን ክር ገምቶ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ፣ ጥቂት አትርፎ መግዛት፤ ቱባዎቹን በቀን ብርሃን እርስ በርስ ማስተያየት፤ ልጣፉን በወረቀት ጠቅልሎ ከሥራው ጋር ማኖር፤ ልብሱ ሲያልቅም የተረፈውን ጥቂት ክር በቀሚሱ ውስጥ አስሮ በሣጥን ማስቀመጥ ይመከራል። ከዓመታት በኋላ ያንን ቀሚስ ለሚጠግን እጅ ይህች ቁራጭ ክር ከወርቅ ትበልጣለች።

ዛሬ በየገበያው ጥበብ የሚመስል ሥዕል በፋብሪካ የታተመበት ጨርቅ በርካሽ ይሸጣል። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፤ ስሕተትም አይገኝበትም። ነገር ግን ቢቀደድ የሚጠግነው፣ ቢደክም የሚያድሰው የለም። የእጅ ጥልፍ የሚበልጠው ጉድለት ስለሌለበት ሳይሆን ጉድለቱን የሚያቃና እጅ ስላለው ነው። በወሎ ምድር ሸማውን የሠራው ሙስሊም ሸማኔ፣ ክሩን የሸጠው ሌላ ነጋዴ፣ ጥልፉን የጠለፈችው ክርስቲያን እናት ልትሆን ትችላለች፤ ልብሱ የሁሉንም እጅ ይዞ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል። ይህ ሙያ እንዳይጠፋ ልጃገረዶቻችን መጥለፍን ብቻ ሳይሆን መጠገንንም ከእናቶቻቸው አጠገብ ተቀምጠው ሊማሩ ይገባል እንላለን።

እናት የጀመረችውን ልጅ፣ አያት የተወችውን የልጅ ልጅ አስማምታ የምትፈጽምበት፣ የሰላምና የጤና በዓል ይሁንላችሁ።

መልካም በዓለ ጥምቀት!